ጥይት ከአዛዡ ሲቀድም፦ የታጠቀ ሰው ጥሪና የፖሊስ የቅርብ ኃላፊ ድርሻ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 በኒው ጀርሲ ግዛት በካምደን ከተማ አንድ ሰው ቢላ ይዞ ከምግብ ቤት ወጣና ብሮድዌይ በሚባለው ጎዳና ላይ ስለቱን እያወናጨፈ መሄድ ጀመረ። ፖሊሶች ደረሱ። ቢላውን እንዲጥል አዘዙት፤ አልሰማቸውም። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። የካምደን ፖሊሶች ግን አብረውት መሄድ ጀመሩ። እሱን መሃል አድርገው፣ ርቀታቸውን ጠብቀው፣ እሱ በተራመደ ቁጥር አብሮ የሚንቀሳቀስ ክብ ሠሩ። ከፊቱ ያለውን መንገድ ከእግረኛና ከመኪና አስለቀቁ። ለብዙ ደቂቃ እንዲህ ተጓዙና በመጨረሻ አንድም ጥይት ሳይተኮስ ሰውየው ተያዘ።

እንዲህ ያለ ክብ በአንድ ፖሊስ ጀግንነት አይሠራም። ማን እንደሚያናግር፣ ማን መንገድ እንደሚዘጋ፣ ማን መሣሪያ ደግኖ እንደሚጠብቅ አስቀድሞ የታወቀ መሆን አለበት። ስለ ፖሊስና ስለ ጥይት ስንነጋገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄያችን ተኳሹ ላይ ያርፋል። ፈርቶ ነበር? ጥላቻ ነበረበት? ሕጉ ይፈቅድለታል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ከተኳሹ ጀርባ ግን አንድ የቅርብ ኃላፊ አለ፤ ከሌለም ሊኖር ይገባ ነበር። በአሜሪካ ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳጅን ነው፤ በፈረቃው ያሉትን የፓትሮል ፖሊሶች በሬዲዮ የሚከታተል፣ ከቢሮ ይልቅ መንገድ ላይ የሚውል የመጀመሪያው እርከን አለቃ። ይህ ዳሰሳ ስለ እሱ ነው። ከታጠቀ ሰው ጋር በሚደረግ ፍጥጫ ሕይወት የሚተርፈውም የሚጠፋውም ቃታ ከመሳቡ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ነው ብዬ አምናለሁ። እነዚያ ደቂቃዎች የሳጅኑ ናቸው።

በመጀመሪያ የነገሩን ስፋት እንይ። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ከ2015 እስከ 2024 በአሜሪካ በፖሊስ ጥይት የሞቱትን አንድ በአንድ ሲመዘግብ ቆይቷል። ቁጥሩ በየዓመቱ አንድ ሺህ አካባቢ ነበር፤ በኋለኞቹ ዓመታት ከዚያም አልፏል። ከሟቾቹ ከግማሽ የሚበልጡት የጦር መሣሪያ የያዙ ሲሆኑ፣ ከስድስት አንዱ ያህል ቢላ የያዘ፣ ከአምስት አንዱ ያህል ደግሞ የአእምሮ ሕመም ምልክት የታየበት ነበር። ከእነዚህ መካከል ፖሊስ ላይ ወይም ሌላ ሰው ላይ እየተኮሱ ሳለ የተመቱ አሉ። እዚያ ላይ የሳጅን ንግግር ጥይት አያቆምም፤ ያቆማል ብሎ ማስተማርም ፖሊሱንም ተጎጂውንም ማስገደል ነው። ክርክሩ ያለው በቀሩት ላይ ነው። ቢላ ይዞ ብቻውን የቆመ፣ ሽጉጥ ጭንቅላቱ ላይ ደግኖ መኪና ውስጥ የተቀመጠ፣ ቤቱን ከውስጥ ዘግቶ "ማንም እንዳይጠጋኝ" የሚል ሰው ላይ። እነዚህ ጥሪዎች ጊዜ አላቸው። ጊዜው ግን ተፈልጎ የሚገኝ እንጂ ዝም ብሎ የሚመጣ አይደለም።

ጊዜን መግዛት የሚለው ሐሳብ ከፖሊስ ሙያ ውስጥ የወጣ ነው። በሴፕቴምበር 1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ የእስራኤል ስፖርተኞች ታግተው ካለቁ በኋላ የኒው ዮርክ ፖሊስ "እኛ ዘንድ ቢሆንስ?" ብሎ ጠየቀ። መልሱን ያዘጋጁት ሃርቪ ሽሎስበርግ የተባለው የሥነ ልቦና ዶክትሬት ያለው መርማሪና ፍራንክ ቦልዝ የተባለው መኮንን ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ በጃንዋሪ 1973 በብሩክሊን አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ታጣቂዎች ገቡበት። ገና ከጅምሩ አንድ ፖሊስ ተገደለ። ባልደረባው ወድቆ እያየ "ግቡና ጨርሱ" የሚል ስሜት ያልነበረበት ፖሊስ ይኖራል ብዬ አላስብም። አዛዦቹ ግን ፖሊሶቹን ገቷቸው። ከ47 ሰዓት በኋላ ታጋቾቹ በሕይወት ወጡ፤ ታጣቂዎቹም እጃቸውን ሰጡ። የዛሬው የታጋች ድርድር ሥልጠና ሁሉ ከዚያ ዘመን የተቀዳ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተጻፈው በቴነሲ ግዛት በሜምፊስ ነው። በ1987 በአእምሮ ሕመም የሚሠቃይና ቢላ የያዘ የ27 ዓመት ወጣት በፖሊስ ተተኩሶበት ሞተ። ቁጣው ሲበረታ ከተማዋ የሐኪሞችን፣ የሕሙማን ቤተሰቦችን እና የፖሊስን ኃላፊዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ በ1988 ዛሬ በመላው አሜሪካ የሚታወቀውን የቀውስ ምላሽ ቡድን መሠረተች። 40 ሰዓት የሠለጠኑ ፈቃደኛ ፖሊሶች እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ ቀድመው ይላካሉ። ሜምፊስ ያመጣችው ለውጥ ትልቅ ነው፤ የተደገፈው ግን በአብዛኛው በግለሰቡ ፖሊስ ላይ ነው። የሠለጠነው ፖሊስ ደርሶ ለስለስ ባለ ድምፅ መናገር ሲጀምር ያልሠለጠኑ አራት ባልደረቦቹ ከጎኑ ሆነው "መሬት ላይ ተኛ!" እያሉ ከጮኹ ምን ይሆናል? ዝም የሚያሰኛቸው ሰው ያስፈልጋል።

ያንን ሰው በስሙ ጠርቶ የሥራ ድርሻ የሰጠው በዋሽንግተን የሚገኘውና ያኔ ቸክ ዌክስለር ይመራው የነበረው የፖሊስ አዛዦች የጥናት መድረክ ነው። መድረኩ በ2016 ሠላሳ መርሆዎችን አወጣ። ከእነሱ አንዱ በቀጥታ የእኛን ጉዳይ ይነካል፦ የጦር መሣሪያ፣ ስለት ወይም ድንጋይ እንኳ የያዘ ሰው አለ በተባለበት፣ የአእምሮ ቀውስ በተነገረበት፣ ወይም ኃይል መጠቀም ሊመጣ ይችላል ተብሎ በሚጠረጠርበት ጥሪ ሁሉ የቅርብ ኃላፊው ወዲያው ወደ ቦታው ይሂድ። ከዚያ በፊት በኖቬምበር 2015 መድረኩ የአሜሪካ ፖሊስ አዛዦችን ወደ ስኮትላንድ ይዞ ሄዶ ነበር። እዚያ አብዛኛው ፖሊስ ሽጉጥ አይታጠቅም፤ ቢላ የያዘ ሰው ሲያጋጥመው ወደ ኋላ እየሸሸ፣ በመከለያ እየተጠበቀ፣ ማውራቱን አያቆምም። ብዙ አሜሪካዊ አዛዥ "እኛ አገር ሽጉጥ ሞልቷል፤ አይሠራም" ብሎ ተቃወመ። ስለ ሽጉጥ እውነቱን ነው። ስለ ቢላ ግን ወደ ኋላ የጎተተው ነገር በአብዛኛው ልማድ ነበር።

የልማዱ ምንጭ አንድ ጽሑፍ ነው። የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ ባልደረባ የነበረው ዴኒስ ቱለር በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቢላ የያዘ ሰው 21 ጫማ ማለትም 6 ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆነውን ርቀት በአንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ሮጦ እንደሚደርስ፣ ይህም ፖሊሱ ሽጉጡን መዝዞ ለመተኮስ የሚፈጅበት ጊዜ መሆኑን አሳየ። ሐሳቡ ፖሊሱ አስቀድሞ እንዲጠነቀቅ፣ እንዲርቅና መከለያ እንዲፈልግ ነበር። ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ግን ከ21 ጫማ ወዲህ የመጣን ሰው መተኮስ ይቻላል ወደሚል ደንብ ተለወጠ። ይህን ደንብ ለአዲሱ ፖሊስ የሚነግረው የፖሊስ ኮሌጅ መምህር ብቻ አይደለም። አብሮት መኪና ውስጥ የሚቀመጠው ነባር ፖሊስና የፈረቃው ሳጅን ናቸው። ደንቡን ከፖሊሱ ራስ ላይ ማውለቅ የሚችሉትም እነሱ ናቸው።

ሳጅኑ በተግባር ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ ቀረብ ብለን እንይ። ሬዲዮው "ቢላ የያዘ ሰው፣ የመኖሪያ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ" ይላል። ጥሩ ሳጅን የመኪናውን ሳይረን ከመክፈቱ በፊት ይጠይቃል። ደዋዩ ማን ነው? ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ? ሕፃን አለ? ቢላው በእጁ ነው ወይስ "ኩሽና ውስጥ ቢላ አለ" ነው የተባለው? ከዚህ በፊት ወደዚህ ቤት ተጠርተን እናውቃለን? ጥሪ ተቀባይዋ ደዋዩን መልሳ እንድትጠይቅ ያደርጋል። ከዚያ ወደ ፖሊሶቹ ይመለሳል። መጀመሪያ የሚደርሱት በሩ ላይ እንዳይቆሙ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ እንዲጠብቁ፣ ሰው እየተወጋ ካልሆነ በቀር ማንም ቀድሞ እንዳይገባ ይነግራል። ይህ ሁሉ እሱ ገና መንገድ ላይ ሳለ ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ፖሊስ ኮሚሽን በዲሴምበር 2016 ባጸደቀው የኃይል አጠቃቀም መመሪያ ይህን ግዴታ አድርጎ ጽፎታል፦ ኃላፊው ሬዲዮውን ይከታተላል፣ ወደ ቦታው ይሄዳል፣ በጉዞ ላይ ሆኖ ፖሊሶቹን ይመክራል፣ ሲደርስም አዛዥነቱን ይረከባል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የከተማዋ ፖሊሶች ቢላ ይዟል የተባለን ወጣት ተሰልፈው ሲተኩሱበት የሚያሳይ ቪዲዮ ሕዝቡን አስቆጥቶ ነበር።

ሳጅኑ ሲደርስ ዋናው ሥራው ድርሻ ማከፋፈል ነው። የሚያናግረው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። በደረት ካሜራ የተቀረጹ ብዙ ግድያዎችን ያየ ሰው ይህ ለምን እንደሆነ ይገባዋል፤ አንዱ "እጅህን ወደ ላይ!" ይላል፣ ሌላው "እንዳትንቀሳቀስ!" ይላል፣ ሦስተኛው "ተኛ!" ይላል። አእምሮው የታወከ ሰው ቀርቶ ደህናውም ሰው ሦስቱን ትእዛዝ በአንድ ጊዜ መፈጸም አይችልም። ከተናጋሪው ሌላ አንድ ፖሊስ እውነተኛ መሣሪያ ደግኖ ይጠብቃል፤ አንድ ብቻ፣ ምክንያቱም አንዱ ሲተኩስ ሌሎቹ ተከትለው የመተኮሳቸው ነገር የታወቀ ነው። አንዱ ቴዘር የሚባለውን በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዝ መሣሪያ ወይም የላስቲክ ጥይት ይይዛል። ቴዘር ሁለቱም መርፌዎቹ ካልተሰኩ አይሠራም፤ ወፍራም ጃኬት ሊያከሽፈው ይችላል፤ ስለዚህ "ቴዘር ካልሠራ ቀጥሎ ምን እናደርጋለን?" የሚለው ቀድሞ መነገር አለበት። ሁለቱ እጃቸውን ባዶ አድርገው ለመያዝ ይዘጋጃሉ። ጋሻ ያለው ጋሻውን ያመጣል። የቀሩት ጎረቤት ያስወጣሉ፣ መንገድ ይዘጋሉ። ሳጅኑ ራሱ ሽጉጡን አይመዝም፣ ተናጋሪም አይሆንም። ከኋላ ቆሞ አጠቃላዩን ያያል። ሽጉጥ የደገነ ሰው ዓይኑ ስለቱ ላይ ተቸክሎ ሌላውን አያይም፤ ያንን የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል።

የእኛ አገር ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ሁለት ሰው ሲጣላ ገላጋዩ ከአንዱ ወገን ሆኖ አይጮኽም፤ መሃል ገብቶ የሁለቱንም እጅ ያያል።

ከዚህም የሚከብድ ውሳኔ አለ፤ ትቶ መሄድ። ሰውየው ብቻውን ነው፣ ወንጀል አልሠራም፣ የሚያስፈራራው ራሱን ብቻ ነው እንበል። በር ሰብሮ መግባት ግጭቱን ይፈጥረዋል እንጂ አያበርደውም። አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛው ነገር ወደ ኋላ ማፈግፈግ፣ በስልክ ማናገር፣ ቤተሰብና ሐኪም ማገናኘት፣ ካስፈለገም ሌላ ቀን መመለስ ነው። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ተራ ፖሊስ በራሱ አይወስነውም፤ ነገ ሰውየው አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው እሱ ይሆናልና። "እኔ ወስኛለሁ፣ በስሜ መዝግቡት" የሚል አለቃ ሲኖር ብቻ ይቻላል። የፖሊስ አዛዦቹ መድረክ በ2019 በፖሊስ እጅ ለመሞት ስለሚፈልጉ ሰዎች ያወጣው መመሪያም ወደዚሁ ያደላል፤ መሣሪያ ደግኖ መቅረብ ሰውየው የፈለገውን ነገር መስጠት ነውና።

ሳጅኑ የሚሠራው በተነገረው ላይ ነው። በኖቬምበር 22 ቀን 2014 በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ አንድ ደዋይ በመናፈሻ ውስጥ ሽጉጥ የያዘ ሰው መኖሩን ሲናገር፣ ሽጉጡ የውሸት ሊሆን እንደሚችልና ያዡም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሳይሆን እንደማይቀር ጨምሮ ነበር። ይህ ለፖሊሶቹ አልተላለፈላቸውም። መኪናቸውን ሣሩ ላይ ነድተው ልጁ አጠገብ አቆሙ፤ ከሁለት ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አንደኛው ተኮሰ። ታሚር ራይስ 12 ዓመቱ ነበር፤ የያዘውም መጫወቻ ነበር። የተኮሰው ፖሊስ ላይ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚያመኝ ግን በጥሪውና በጥይቱ መካከል "ቆዩ፣ ከሩቅ አቁሙ፣ ደዋዩ በትክክል ምን አለ?" የሚል አንድም የኃላፊ ድምፅ አለመኖሩ ነው።

ሰው በዝቶ አዛዥ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። በዲሴምበር 23 ቀን 2021 በሎስ አንጀለስ ሰሜን ሆሊዉድ በአንድ የልብስ መደብር ውስጥ አንድ ሰው ደንበኞችን በብስክሌት ሰንሰለት ቁልፍ ይደበድብ ነበር። ተኩስ አለ የሚል የተሳሳተ ወሬም በሬዲዮ ተላልፏል። ፖሊሶቹ ተሰልፈው ሲገቡ ጠመንጃ የያዘው ፖሊስ ከኋላ መጥቶ ወደ ፊት አለፈ። ባልደረቦቹ ቀስ እንዲል፣ እንዲቆይ ሲነግሩት በደረት ካሜራው ይሰማል። አልቆመም፤ ሰውየውን እንዳየው ተኮሰ። ከጥይቶቹ አንዷ ከወለሉ ላይ ነጥራ ግድግዳ በስታ የልብስ መለኪያ ክፍል ውስጥ ከእናቷ ጋር የነበረችን የ14 ዓመት ልጅ ገደለች። ባልደረባ "ቀስ በል" ሲል ምክር ነው፤ የተመደበ አዛዥ ሲል ግን ትእዛዝ ነው። ልዩነቱ በዚያ መደብር ውስጥ የሕፃን ሕይወት ያህል ነበር።

አሁን ወደ ተቃራኒው ልሂድ፤ ማርገብን፣ ማለትም ጊዜ ገዝቶ ግጭትን ማብረድን የሚደግፍ ሰው ከዚህ ጉዳይ ፊቱን ማዞር አይገባውም። በሜይ 24 ቀን 2022 በቴክሳስ ግዛት በዩቫልዴ፣ ሮብ በተባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ታጣቂ 19 ሕፃናትንና 2 መምህራንን ገደለ። የመጀመሪያዎቹ ፖሊሶች እሱ ከገባ ከደቂቃዎች በኋላ ደርሰዋል። በኋላ በቦታው የተሰበሰቡት የጸጥታ ኃይሎች 376 ናቸው። ሆኖም በሩ ተከፍቶ ታጣቂው እስኪገደል 77 ደቂቃ ጠበቁ። በቦታው አዛዥ ይሆናል የተባለው የትምህርት ቤቶቹ ፖሊስ ሹም ሬዲዮውን ትቶ ነበር የገባው። ጉዳዩን ሰው እየገደለ ያለ ታጣቂ ሳይሆን ራሱን ክፍል ውስጥ የዘጋ ተጠርጣሪ አድርጎ ያዘው። ቁልፍ ፈለጉ፤ ተደራዳሪ ጠሩ፤ ጊዜ ገዙ። ከክፍሉ ውስጥ ሕፃናት 911 ወደሚባለው የድንገተኛ ጥሪ መስመር እየደወሉ ነበር። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በጃንዋሪ 2024 ባወጣው ሪፖርት ትልቁ ስህተት ይኸው እንደነበር አስፍሯል። ከ1999ኙ የኮለምባይን ትምህርት ቤት እልቂት ወዲህ እኮ ትምህርቱ የታወቀ ነው፦ ሰው እየተገደለ ከሆነ የደረሰው ፖሊስ ሳይጠብቅ ይገባል።

ዩቫልዴን "ማርገብ ገዳይ ነው" ለማለት የሚጠቅሱ አሉ። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። የአዛዡ የመጀመሪያ ሥራ ጥሪውን በትክክል መለየት ነው፤ አሁን በዚህች ደቂቃ ሰው እየሞተ ነው ወይስ አይደለም? እየሞተ ከሆነ እያንዳንዷ ሰከንድ የገዳዩ ናት። እየሞተ ካልሆነ እያንዳንዷ ሰከንድ የሁሉም ናት። በክሊቭላንድ ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ያዙት፤ በዩቫልዴ መጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው። በሁለቱም በኩል የሞቱት ሕፃናት ናቸው። መለየቱ ደግሞ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ አይደለም፤ ዝም ያለው ክፍል ውስጥ እንደገና ተኩስ ከተሰማ አዛዡ ቀድሞ የወሰነውን በዚያው ቅጽበት መሻር አለበት። ብዙ ሰው ፊት የተናገረውን መሻር ለማንም ኃላፊ ይከብዳል፤ ሥልጠናው ይህንንም ማለማመድ አለበት።

አዛዥ መኖሩ ብቻም አይበቃም። በለንደን በጁላይ 22 ቀን 2005 የስቶክዌል ባቡር ጣቢያ ውስጥ ፖሊሶች አንድ ብራዚላዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛን አጥፍቶ ጠፊ መስሏቸው ገደሉ። ብሪታንያ የጦር መሣሪያ በሚያስፈልግበት ሥራ ላይ ማን ምን እንደሚወስን በእርከን የከፋፈለ የአዛዥነት ሥርዓት አላት፤ ፖሊስ ተኩሶ የሚገድለውም ሰው በዓመት በአብዛኛው በጣት የሚቆጠር ነው። የዚያን ቀን ግን ትእዛዝ የሚሰጠው ከሩቅ መቆጣጠሪያ ክፍል ነበር፤ ሰውየውን በትክክል የለየው አልነበረም፤ ቦታው ላይ ያሉት የተረዱትና ክፍሉ ውስጥ ያሉት ያሰቡት አልተገናኘም። በ2007 ፍርድ ቤት የለንደን ፖሊስ መሥሪያ ቤትን ጥፋተኛ ብሎ 175,000 ፓውንድ ቀጣው። የተከሰሰው መሥሪያ ቤቱ እንጂ አንድ ተኳሽ አለመሆኑ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ይሠራል ወይ? ማስረጃው ገና ቀጭን ነው። ሮቢን ኤንግልና ባልደረቦቿ በ2020 ባሳተሙት ግምገማ በ40 ዓመት ውስጥ የተሠሩ 64 ጥናቶችን ቢያገኙም አብዛኞቹ ስለ ነርሶችና ስለ አእምሮ ሆስፒታል ሠራተኞች ነበሩ። ከፖሊስ ወገን ጠንካራው የኬንታኪዋ ሉዊቪል ነው። እዚያ በ2019 የአዛዦቹ መድረክ ሥልጠና ለፖሊስ ክፍሎች በየተራ ስለተሰጠ የሠለጠነውን ካልሠለጠነው ማወዳደር ተቻለ። ኃይል የተጠቀሙባቸው ክስተቶች በ28 በመቶ፣ የዜጎች ጉዳት በ26 በመቶ፣ የፖሊሶች ጉዳት በ36 በመቶ ቀነሰ። የመጨረሻው ቁጥር "ማርገብ ፖሊስ ያስገድላል" ለሚሉት በቂ መልስ ይመስለኛል። ነገር ግን ያው መሥሪያ ቤት ነው በማርች 2020 ብሪዮና ቴይለር በቤቷ ውስጥ በሌሊት ፍተሻ የተገደለችበት። ያ ድንገተኛ ጥሪ አልነበረም፤ ታቅዶ የተሄደበት ነው። ፖሊሱ ሠልጥኖ እሱን የሚልከው ዕቅድ ካልተለወጠ ሥልጠናው የሚደርሰው ግማሽ መንገድ ድረስ ነው።

ሕጉም ቀስ እያለ ወደ ኋላ ማየት ጀምሯል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 ግራሃም በሚባለው ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ጀምሮ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የሚመዝኑት በቦታው ያለ ምክንያታዊ ፖሊስ ምን ያደርግ ነበር ብለው ነው። አንዳንድ ፍርድ ቤቶች ይህን አጥብበው የተኩሱን ቅጽበት ብቻ ይመለከቱ ነበር። በሜይ 2025 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባርንስ በሚባለው ጉዳይ ይህን ጠባብ መነጽር በሙሉ ድምፅ ውድቅ አድርጎ፣ ከዚያ በፊት የሆነውም መታየት አለበት አለ። ፖሊሱ ራሱ የፈጠረው አደጋ እንዴት ይታይ የሚለውን ግን አልወሰነም። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ከተኩሱ በፊት ፖሊሱ ያደረገውም ይመዘናል። በሁለቱም ቦታ ግን የሚታየው ተኳሹ ነው። ሳጅኑ በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ቢበዛ ምስክር ነው።

እንቅፋቶቹን የማያውቅ ሰው ይህን ሁሉ በቀላሉ ያዝዛል። አሜሪካ ወደ 18,000 የሚጠጉ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች አሏት፤ ግማሽ ያህሉ ከአሥር ያነሰ የሙሉ ጊዜ ፖሊስ ነው ያላቸው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሳጅን ቤቱ ተኝቷል። በትልልቆቹ ደግሞ ወረቀት አስሮታል። ስለዚህ አጎራባች መሥሪያ ቤቶች አንድ ተረኛ ኃላፊ መጋራት፣ እሱ እስኪደርስም ነባሩ ፖሊስ እንደ አዛዥ እንዲቆም አስቀድሞ መመደብ ይችላሉ። የምስጋናውም ነገር አለ። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በ2015 ሳይተኩስ ሕይወት ላተረፈ ፖሊስ የሚሰጥ ሜዳሊያ ሲያቋቁም የፖሊሶቹ ማኅበር ተቃወመ፤ አባሎቻችን ሜዳሊያ ብለው ሲያመነቱ ይሞታሉ በሚል። ፍርሃቱ ከልብ ነው። በየፈረቃው መጀመሪያ የትናንቱን የተሳካ ጥሪ አንሥቶ "እንዲህ በማድረጋችሁ ማንም አልተጎዳም፣ እናንተም ቤታችሁ ገባችሁ" የሚል ሳጅን ግን ከሜዳሊያው የበለጠ ይሠራል።

ይህ ጉዳይ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በጃንዋሪ 2019 በእስራኤል ባት ያም ከተማ የአእምሮ ሕመም የነበረበት የ24 ዓመት ቤተ እስራኤላዊ ወጣት ቢላ ይዞ ከቤት ወጥቶ በፖሊስ ጥይት ሞተ። ወሩ ሳያልቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቴል አቪቭ ላይ ወጡ። በዚያ ሰልፍ ላይ ዘርና ቀለም ዋናው ጥያቄ ነበር፤ ትክክልም ነው። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን የሜምፊሷ ጥያቄ ነው፤ ለታመመ ልጅ የሚላከው ማን ነው፣ ማንስ ያዝዘዋል?

በአሜሪካ ለሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ይህ የዕለት ጉዳይ ነው። ልጁ የታመመበት ወላጅ እስከ መጨረሻው ይደብቃል፤ ነገሩ ሲብስ በድንጋጤ ደውሎ በተሰባበረ እንግሊዝኛ "ቢላ! ቢላ!" ይላል። ሬዲዮው ላይ የሚደርሰው ያ ቃል ብቻ ነው። ቢላ ወይም ሽጉጥ ከሌለ ከጁላይ 2022 ጀምሮ 988 የሚባል የአእምሮ ቀውስ መስመር አለ፤ ከነገሩ መባስ በፊት የሚደወለው እሱ ነው። 911 የግድ ከሆነ ብዙዎቹ ማዕከላት በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ፤ "አምሃሪክ" ማለት ይበቃል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት ዋና ዋና ሰነዶቿን ከምታስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። ደዋዩ የሕመሙን ስም፣ ቢላው በእጁ መሆን አለመሆኑን፣ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ፣ ልጁ የሚገባው ቋንቋ የትኛው እንደሆነ፣ ምን እንደሚያረጋጋው ይናገር። የአእምሮ ቀውስ ሥልጠና ያለው ፖሊስ እንዲላክ ይጠይቅ፤ በዚያው ትንፋሽ ኃላፊ፣ ሳጅን እንዲመጣ ይጠይቅ። ጥሪ ተቀባይዋ እሺ ልትልም ላትልም ትችላለች፤ መሥሪያ ቤቱ ሳጅን ላይኖረውም ይችላል። ጥሪው ግን ይቀረጻል። ነገ መርማሪ ቢመጣ "የቅርብ ኃላፊ ተጠይቆ ነበር? ከሆነስ የት ነበር?" ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው ማስረጃ በዚያ ቅጂ ላይ ይገኛል።